ተርኪ ለገና፦ ከየት መጣ? ወጥስ ይሆናል?

እነብሴ (ጥያቄ)
ጤና ይስጥልኝ። ለገና የሚታረድ ወንድ ተርኪ አለ፤ ከነነፍሱ 9 ኪሎ ይመዝናል። የሚሠራው ደብረ ማርቆስ ነው፤ ከሰልና የኤሌክትሪክ ምድጃ አለ፣ ኦቭን የለም። ፈረንጆች ለበዓል ይህን ወፍ የመረጡት ለምንድን ነው? ከመቼ ጀምሮ? ደግሞስ እንደ ዶሮ ወጥ ቢሠራ ይሆናል ወይስ ሥጋው ይደርቃል? ሽንኩርትና በርበሬውን ስንት ዶሮ ነው ብዬ ልስፈር?

ዳሞት
ከታሪኩ ልጀምር፤ ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ወፉ የአሜሪካ አህጉር ተወላጅ ነው። ሜክሲኮ ውስጥ ከ2,000 ዓመት በፊት ጀምሮ ሰው ሲያረባው ኖሯል። ስፔኖች በ1500ዎቹ መጀመሪያ ወደ አውሮፓ ወሰዱት፤ እንግሊዝም በዚያው ክፍለ ዘመን ገባ። እንግሊዞች ለገና ዝይና የበሬ ሥጋ ነበር የለመዱት፤ ተርኪ ለረጅም ጊዜ የባለጸጋ ማዕድ ሆኖ ቆይቷል። ኖርፎክ ከሚባለው የእንግሊዝ አውራጃ እስከ ለንደን በመንጋ እየተነዳ በእግሩ ለገበያ ይቀርብ ነበር። በየቤቱ የገባው በ20ኛው ክፍለ ዘመን፣ እርባታው ሰፍቶ ዋጋው ሲወርድ ነው።

የአሜሪካኖቹ የምስጋና ቀን ታሪክ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በ1621 እንግሊዛውያን ሰፋሪዎች በነበሩበት በፕሊመዝ የተደረገውን የመከር ግብዣ ሁሉም የተርኪ ግብዣ አድርጎ ያወራል። በቦታው የነበረው ኤድዋርድ ዊንስሎው ግን አራት ሰዎች ወፍ ሊያድኑ እንደ ወጡ፣ የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት የዋምፓኖአግ ሰዎችም አምስት አጋዘን አድነው እንዳመጡ ጻፈ እንጂ ተርኪ ብሎ አልጠቀሰም። በአካባቢው የዱር ተርኪ ሞልቶ ስለነበር ተበልቶ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ አልፎ መናገር ግን ግምት ነው። በዓሉን በአገር ደረጃ ያቆመው ፕሬዚዳንት ሊንከን በ1863 ያወጣው አዋጅ ነው፤ ከዚያ በፊት ሳራ ጆሴፋ ሄል የተባለች የመጽሔት አዘጋጅ ለዓመታት ወትውታለች። የኖቬምበር አራተኛ ሐሙስ ሆኖ በሕግ የጸናው ደግሞ በ1941 ነው።

ለምን ተርኪ ተመረጠ ካሉ፣ ነገሩ የገበሬ ሒሳብ ነው። ላሟ ትታለባለች፣ ዶሮዋ እንቁላል ትጥላለች፤ ተርኪ ግን ለሥጋው ብቻ ነው የሚያዘው። በጸደይ የተፈለፈለው በመከር ማብቂያ ለቢላ ይደርሳል፤ አንዱ ቤተሰቡን ከነእንግዳው ያጠግባል።

ወጥ ይሆናል ወይ ላሉት፣ የትውልድ አገሩን ይመልከቱ። ሜክሲኮዎች ለሠርግና ለበዓል ተርኪን የሚያቀርቡት ሞሌ በሚባል፣ ደረቅ በርበሬ ተፈጭቶ በሚገባበት ወፍራም ወጥ ነው። በርበሬም ራሱ ወደ እኛ የመጣው ከዚያው ምድር ነው። የቡሬ በርበሬና ተርኪው የአንድ አገር ልጆች ናቸው ማለት ነው፤ ለእኔ ከኦቭን ጥብሱ ይልቅ ቁሌቱ ይስማማዋል።

ጮቄ
ወጡን ሌላ ሰው ይንገርዎት፤ እኔ ስለ እርዱና ስለ ብልቱ ልናገር፤ ብዙው ጥፋት እዚያ ነው የሚጀምረው።

ከመታረዱ በፊት ባሉት ከ8 እስከ 12 በሚደርሱ ሰዓታት ጥሬ አይስጡት፤ ውኃ ብቻ ይጠጣ። ማንቁርቱ ሥር ያለው ከረጢት እህል ይዞ ከታረደ ሲበለት ይፈስና ሥጋውን ያበላሻል። ክንፉ ኃይለኛ ነው፤ ሁለቱን በጨርቅ አስረው ሌላ ሰው እግሩን ይያዝ። ለወጥ ቆዳው ስለሚገፈፍ የፈላ ውኃ ቢበዛበትም ችግር የለውም። ሐሞቱን እንዳያፈርጡት ከጉበቱ ጋር አብረው አውጥተው በኋላ ይለዩት። ጅራቱ ላይ ያለችውን ቢጫ የቅባት እጢ ቆርጠው ይጣሉ፤ ከቀረች ወጡን ታከረፋዋለች። ከጎድን አጥንቱ ጋር የተጣበቀውን ሳንባም ፍቀው ያውጡት።

ከዶሮ የሚለየው ዋናው ነገር የቅልጥሙ ጅማት ነው። የወንድ ተርኪ ቅልጥም ውስጥ እንደ ስንጥር የጠነከሩ ጅማቶች አሉ፤ ቢቀቀሉም አይለሰልሱም። ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቆዳውን ዙሪያውን ይቁረጡ፣ ጅማቶቹን አንድ በአንድ በፒንሳ ይዘው ይሳቡ። ሥጋው ሳይቀዘቅዝ፣ በታረደ በሰዓቱ ከሆነ በቀላሉ ይወጣሉ።

በሎሚና በጨው ማጠቡ እንደ ዶሮው ነው፤ ውኃው እስኪጠራ ደጋግመው ይጠቡት። ሎሚ ውስጥ ማሳደር ግን አይሆንም። የደረቱ ሥጋ ስብ የለውም፣ ሎሚ ሲቆይበት ነጥቶ ይኮማተራል። 15 ደቂቃ ይበቃዋል።

ዘንገና
እህቴ ወይም ወንድሜ እነብሴ፣ ሲታረድና ሲገፈፍ 9 ኪሎው ወደ 6 ኪሎ ይወርዳል። ሁሉንም በአንድ ድስት ለመሥራት አይሞክሩ። ታፋው፣ ቅልጥሙ፣ ክንፉ፣ አንገቱና ጀርባው ለወጥ ይሁን፤ ወደ 4 ኪሎ ይሆናል። ደረቱን ለብቻ ያስቀምጡት። ለ4 ኪሎው የሚበቃው ይህ ነው፦ ቀይ ሽንኩርት 4 ኪሎ፣ በርበሬ 500 ግራም፣ ዘይት 3 የሻይ ብርጭቆ፣ የተነጠረ ቅቤ 500 ግራም፣ ነጭ ሽንኩርት 200 ግራም፣ ዝንጅብል 80 ግራም፣ ኮረሪማና መከለሻ ሁለት ሁለት የሻይ ማንኪያ፣ እንቁላል 20። በዶሮ ከቆጠሩት የሦስት ዶሮ ልክ ነው።

መጀመሪያ እግሩንና ክንፉን ከዝንጅብሉ ጥቂት ጣል አድርገው ለብቻው 1 ሰዓት ተኩል ይቀቅሉ። ምክንያቱ ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፤ ውኃ እዚያ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ሥጋ ይዘገያል። ያረጀ ወንድ ተርኪ በቁሌቱ ውስጥ ብቻ ይብሰል ቢሉት ሥጋው ሳይለሰልስ በርበሬው ሥር ይይዝና ያርራል። ያረረ ቁሌት ደግሞ በቅቤም በማርም አይመለስም። የቀቀሉበትን መረቅ አይድፉት፤ ቁሌቱን የሚያቀጥኑት በእሱ ነው።

ሽንኩርቱን ያለ ዘይት፣ ውኃው መጥጦ ቀይ ዳማ እስኪሆን ያቁላሉ። 4 ኪሎ ሽንኩርት በከሰል ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ከዚህ ካሳጠሩት ወጡ በኋላ ውኃና ቅባቱ ይለያያል። ዘይቱን ይጨምሩ፣ ቀጥሎ በርበሬውን፣ መረቁን በጭልፋ ጠብ እያደረጉ 45 ደቂቃ። ጥሬው የበርበሬ ሽታ ጠፍቶ ዘይቱ ከላይ ሲንሳፈፍ ነጭ ሽንኩርቱን፣ የቀረውን ዝንጅብልና የቅቤውን ግማሽ ያስገቡ። የተቀቀለውን ሥጋ ከአንገቱና ከጀርባው ጋር ጨምረው በለስላሳ እሳት 1 ሰዓት ያቆዩት። ጨው፣ መከለሻ፣ ኮረሪማና የቀረው ቅቤ መጨረሻ ላይ ነው። እንቁላሉ ተቀቅሎ፣ ነጩ ተጭሮ ሊወጣ 10 ደቂቃ ሲቀረው ይግባ።

ዳሞት
ዘንገና በደንብ ብለዋል። አንድ ነገር ልጨምር፤ ምስጋና ቀኑን ከእኛ ጾም ጋር ለሚያጋጥሙት ዘመዶች ይጠቅማል። አራተኛው ሐሙስ ከኖቬምበር 22 እስከ 28 ባለው ውስጥ ይውላል። ጾመ ነቢያት የሚገባው ኅዳር 15፣ ማለትም ኖቬምበር 24 ወይም 25 ነው። ስለዚህ በዓላቸው በአብዛኛው ዓመት ጾማችን ውስጥ ይወድቃል። ገና ግን ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውል እንኳ ይፈሰካል።

እነብሴ
እግዜር ይስጥልኝ፤ በጣም ተብራራልኝ። ደረቱስ ምን ይሁን? ደግሞ ቤት ውስጥ ዐሥራ ሁለቱ ብልት ይጠበቃል፤ ፈረሰኛው ለአባወራው ካልደረሰ ቅር የሚላቸው ትልልቅ ሰዎች አሉ። በዶሮው ልክ ልበልተው?

ዘንገና
መገጣጠሚያውን ተከትለው እንደ ዶሮው ዐሥራ ሁለት አድርገው ይበልቱት፤ አጥንቱ በመዶሻ ካልተሰበረ ስንጥር አይገባበትም። ነገር ግን አንዱ ታፋ ብቻውን ለአራት ሰው የሚበቃ ስለሆነ ዐሥራ ሁለቱን ከለዩ በኋላ ትልልቆቹን ከአጥንቱ እያላቀቁ ለሁለት ለሦስት ይክፈሏቸው። ፈረሰኛውን ሳይነኩ ከነአጥንቱ ያቆዩትና ለአባወራው ያቅርቡ፤ እሱ ሙሉ ከሆነ ሌላው መከፈሉን ማንም ነገሬ አይለውም።

የደረቱን ቀሪ ሥጋ ጭረቱን አቋርጠው በጡጫ ልክ ይቁረጡ። ከወጡ ጋር ከሆነ ሊወጣ 25 ደቂቃ ሲቀረው ያስገቡ፤ አንዱን ቆርጠው ሲያዩት መሐሉ ቀይነት ከሌለው ደርሷል። ቴርሞሜትር ካለ 74 ዲግሪ ነው። ከመጀመሪያው ከእግሩ ጋር ከገባ ግን ተበጣጥሶ እንደ ክር ይሆናል። ለጥብስ ከፈለጉት በኪሎ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው ነስንሰው፣ ፍሪጅ ውስጥ አሳድረው በማግሥቱ በቅቤና በሮዝመሪ ፈጠን ባለ እሳት ይጥበሱት።

ጮቄ
ተርኪውን እስከ በዓሉ የሚያቆዩት ከዶሮዎች ጋር ከሆነ ዛሬውኑ ይለዩት። ዶሮ ሳትታመም የምትሸከመው የአንጀት ትል አለ፤ ከእሱ ጋር የሚተላለፍ ጥገኛ ተሕዋስ የተርኪን ጉበት ያቆስላል። ኩሱ የድኝ ቢጫ ሆኖ ካዩት፣ ክንፉንም ጥሎ ከቆመ፣ በሽታው ይዞታል፤ ለእርድ አይሆንም። የዶሮ ቆጥ የነበረበት ግቢም ቢሆን የትሉ እንቁላል በአፈሩ ውስጥ ስለሚቆይ አይመከርም፤ ደረቅ ወለል ያለው ክፍል ወይም ከፍ ያለ ቆጥ ይሻለዋል።