ልውጥ ባክቴሪያ ማሳችን ይግባ?

አወያይ፦ የሰብል ፈንገስን እንዲዋጋ ዘረመሉ የተለወጠ ባክቴሪያ በአገራችን ማሳ ላይ እንዲሞከር ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ? ከነምክንያታችሁ ጻፉ።

የአርሲ ልጅ፦ ይፈቀድ እንጂ! እ.ኤ.አ. በ2013 ዲገሉ የሚባለውን ስንዴ በአርሲና በባሌ የግንድ ዋግ የሚባለው የፈንገስ በሽታ ሲጨርሰው አይተናል። ዩጂ99 የተባለውን የዋግ ዓይነት ይቋቋማል ተብሎ የተዘራ ነበር፤ ሌላ የዋግ ዓይነት መጣበት። ማሳው ውስጥ ካለፍክ ዝገት የመሰለ ዱቄት ሱሪህ ላይ ይቀራል፤ ዛላውን ስታሸው የሚወጣው የተጨማደደ ፍሬ ነው። ኬሚካል የሚረጨው ደግሞ አቅም ያለው ብቻ ነው።

አፈር ጠባቂ፦ ሐዘንህ ይገባኛል። ግን ዝርያ ካልተስማማህ ለከርሞ አትዘራውም፤ ባክቴሪያ ይራባል፣ በጎርፍ ይሄዳል፣ ዘረመሉን ለሌላ ባክቴሪያ ያቀብላል። ከተለቀቀ በኋላ ማን ይሰበስበዋል?

የማይክሮባዮሎጂ ተማሪ፦ ጥያቄው ትክክል ነው፤ ተሞክሮም ታይቷል። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሆላንድ ውስጥ ሱዶሞናስ ፑቲዳ የተባለ ባክቴሪያ ፈንገስ የሚገድል ንጥረ ነገር እንዲያመርት ተለውጦ፣ የስንዴ ዘር ላይ ተቀብቶ ተዘራ። በሥሩ ዙሪያ ያሉት ሌሎች ፈንገሶች ለጊዜው ተለወጡ፣ ከዚያ ተመለሱ። ከአጨዳ በኋላም የባክቴሪያው ቁጥር በጣም ወረደ። ይህ ግን የሆላንድ አፈር ነው፤ ስለ ባሌ ጥቁር አፈር አይመሰክርም።

የአርሲ ልጅ፣ ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፦ ያ ባክቴሪያ የሚኖረው ሥር ላይ ነው። ዋግ በነፋስ መጥቶ ግንድና ቅጠል ላይ ነው የሚያርፈው። የሥር መበስበስን ሊከላከል ይችላል፤ ለዋግ መድኃኒት ነው ብሎ ለገበሬ ቃል መግባት ግን በደል ነው።

አፈር ጠባቂ፦ እንግዲህ ለምን እንከራከራለን? ይከልከል!

የማይክሮባዮሎጂ ተማሪ፦ በጅምላ አይሆንም። አውስትራሊያ ውስጥ የፍራፍሬ ዛፎችን የሥር እባጭ የሚከላከል ኬ1026 የሚባል ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ይሸጣል። በሽታው የፈንገስ ሳይሆን የባክቴሪያ ነው፤ ትምህርቱ ግን ይሠራል። የተደረገው መጨመር ሳይሆን መቀነስ ነው፦ የመከላከያ ዘረመሉን ለበሽታ አምጪው እንዳያቀብል ማስተላለፊያው ተቆርጦ ወጣ። አንተ የፈራኸው ነገር ነው የተወገደው! የደኅንነተ ሕይወት አዋጁ፣ 655/2001ም ሆነ ያላላው 896/2007፣ ሲተገበር መጠየቅ ያለበት «ምን ተለወጠ? የት ይኖራል?» ነው።

የአርሲ ልጅ፦ ለዋጉስ ታዲያ?

የማይክሮባዮሎጂ ተማሪ፦ ለዋጉ የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች በጀት ይጨመርላቸው፤ አዲስ ተቋቋሚ ዝርያ አሮጌው ሳይወድቅ ይድረስ።