«ሰምተህ ነው እንጂ አንብበህ አይደለም»፦ የፍቅር እስከ መቃብር ጉዳይ

ቀለም፦ አንዱ የምንጊዜም ምርጥ መጻሕፍቱን ደርድሮ አየሁ። አንደኛ ፍቅር እስከ መቃብር። እሺ፣ ማን ይከለክለዋል። ግን ከሥሩ «ይህን ያላነበበ የአማርኛ ልቦለድ አውቃለሁ አይበል» ብሎ ጨምሮበታል። ይሄ ነው ያበገነኝ። መጽሐፉን አንደኛ ከሚሉት ሰዎች ስንቱ ነው ገጹን የገለጠው? ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምተው ነው የሚወዱት። ወዳጄ፣ ሰምተህ ነው እንጂ አንብበህ አይደለም! የእኔን አንደኛ ከጠየቃችሁኝ የበዓሉ ግርማ ኦሮማይ ነው፣ ያውም በዓይኔ ያነበብኩት።

የማንኩሳ ልጅ፦ ዝርዝሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንብቤዋለሁም፣ ሰምቼዋለሁም፣ ደግሜም አነበዋለሁ። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ያሳተሙት መጽሐፍ እስከ ዛሬ በሰው አፍ ላይ ያለው በድምፅ ብቻ አይደለም። በዛብህ ከማንኩሳ ወጥቶ፣ ዲማ ተምሮ፣ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ሲገባ የዚያ ዘመን ጎጃም ሙሉው ከነቄሱ፣ ከነባላባቱ፣ ከነገበሬው አብሮት ይገባል። ሌላ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ካለ አሳየኝ።

እሙ፦ እኔን ያናደደኝ «ሰምተህ ነው እንጂ» የምትለዋ ናት። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። መጽሐፉን ግን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች። ሥርዓቱን የሚተቸው ጉዱ ካሳ ምን እንዳለ፣ ለማን እንዳለ፣ መቼ እንዳለ ትነግርሃለች። ሰብለ የመነኮሰች ጊዜ እንዴት እንዳለቀሰች አስታውሳለሁ። እሷን «አታውቂውም» ልትላት ነው?

ቀለም፦ እህቴ፣ እናትሽን ማን ነካ? የማወራው ማንበብ ስለሚችለውና ሳያነብ ስለሚፎክረው ሰው ነው። ደግሞ የመጽሐፉን ገጽ ልብ ብላችሁ አይታችሁታል? ሐዲስ ጠብቀው በሚነበቡት ፊደላት አናት ላይ ነጥብ አስቀምጧል። ስለ ፊደል አጻጻፍ ብዙ የተጨነቀ ሰው ነው። ያን ድካም በሬዲዮ የት ታየዋለህ?

የፊደል ገበታ፦ አሁን በራስህ ላይ ፈረድክ። ነጥቡ ምን ሊሠራ ነው የተቀመጠው? «አለ» የሚለው ተናገረ ይሁን ኖረ፣ አንባቢው አጥብቆ ወይ አላልቶ በትክክል እንዲጠራው ነዋ! ደራሲው ቃሉ ጆሮ ላይ እንዴት እንደሚያርፍ ተጨንቋል ማለት ነው። ወጋየሁ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ የጠበቀውን አጠበቀ፣ የላላውን አላላ። ሰምቶ የወደደ ሰው ደራሲው የፈለገውን ነው ያገኘው።

ቀለም፦ ማጥበቅና ማላላት ብቻ ከሆነማ ንባብ ምኑ ላይ ነው? ጉዱ ካሳ ስለ ሥርዓቱ ሲናገር አንድ አንቀጽ ላይ ቆመህ፣ ተመልሰህ፣ እንደገና ታነበዋለህ። ሬዲዮ አይጠብቅህም። ተራኪው ደግሞ አንተን ሳይጠይቅ ወስኖልሃል። ስንት ሰው ነው ፊታውራሪ መሸሻን እንደሚያስቅ ሽማግሌ ብቻ የሚያስታውሳቸው! ገበሬው አንገብርም ሲል ጦር ይዘው የዘመቱበት ሰው እኮ ናቸው። የገበሬዎቹ መሪ አበጀ በለው ባይማርካቸው ኖሮ ምን ያደርጉ እንደነበር አስቡት።

የማንኩሳ ልጅ፦ የሚያስቁትማ ሐዲስ ራሳቸው አስቂኝ አድርገው ስለጻፏቸው ነው! ንጉሡ ዙፋን ላይ እያሉ፣ ጸሐፊው ራሳቸው የመንግሥት ሹም ሆነው፣ ጉልተኛን ሰው እንዲስቅበት አድርጎ መጻፍ ቀላል ነገር መሰለህ? የሚያስፈራ ጨካኝ አድርጎ መሳልማ ማንም ይችላል። ወጋየሁ ይህን ስለገባው ነው ድምፁን እንደዚያ ያወጣው። አንተ ግን በዓይንህ አንብበህ ሳቁን ብቻ ነው የዘለልከው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ከአሜሪካ ልጨምር። ልጆቼ አማርኛ ይሰማሉ፣ ፊደሉን ግን እየተንተባተቡ ነው የሚያነቡት። መጽሐፉን ብሰጣቸው መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል። መኪና ውስጥ ትረካውን ስከፍት ግን ስልካቸውን ያስቀምጣሉ። በዛብህ መታመም ሲጀምር ትልቋ «አባዬ፣ ቤት እንዳትደርስ» አለችኝ። ዞሬ ሌላ መንገድ ያዝኩ። ለእኔ ሰሙም አነበቡም ይሄ በቂዬ ነው።

ቀለም፦ ደስ ይላል፣ ከልቤ ነው። ግን ያንተ ልጅ «ያላነበበ አይበል» ብላ ሰው አላስፈራራችም። የማንኩሳ ልጅ ግን ብሏል። እሱ ይመልስልኝ።

ጎዳና፦ ቀለም፣ የራስህን አንደኛ ደግሞ እንየው። ኦሮማይን አንደኛ ያደረገልህ መጽሐፉ ነው ወይስ የደራሲው ዕጣ? በ1975 ወጣ፣ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፣ በዓሉ ግርማ የካቲት 1976 እንደወጣ ቀረ። ይህን ታሪክ ቀንሰህ አንብበው እስቲ።

ቀለም፦ ለምን እቀንሰዋለሁ? መጽሐፉ እውነት ባይናገር ማን ይሰበስበው ነበር? ቀንስ ካልክ ግን እሺ። ጋዜጠኛው ፀጋዬ ደርግ ኤርትራ ውስጥ ያካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ ሊዘግብ አስመራ ይወርዳል። መጀመሪያ ያምናል። ስብሰባው፣ መፈክሩ፣ የባለሥልጣኑ ፉክክር እያየ ይሄዳል። ከዚያ ናቅፋ፣ የአማፅያኑ ምሽግ። የናቅፋውን ክፍል ያነበበ ሰው ስለ ደራሲው ምንም ባያውቅ እንኳ መጽሐፉን ሲዘጋ እጁ ይንቀጠቀጣል። በ2025 በአውሮፓውያን አቆጣጠር በእንግሊዝኛ ወጥቷል፤ የደራሲውን ስም ሰምቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ እያነበበው ነው።

እሙ፦ ኦሮማይን እኔም እወደዋለሁ፣ ግን አንድ ነገር ያንገበግበኛል። ወንዶቹ ሁሉ ፀጋዬ አስመራ ላይ የወደዳትን ፊያሜታ፣ ፊያሜታ ነው የምትሉት። አዲስ አበባ የፀጋዬ እጮኛ ሮማን ቁጭ ብላ ስትጠብቀው አንድም ሰው አያነሳትም። ሰብለ ቢያንስ ቤቷን ጥላ ወጥታ የወደደችውን ፍለጋ ሄዳለች።

ጎዳና፦ ልክ ነሽ። ግን ፊያሜታም ዝም ብላ የተቀመጠች ቆንጆ አይደለችም፣ የራሷ ጉዳይ ያላት ሴት ናት።

እሙ፦ የእሷን መቼ ካድኩ? ስለ ሮማን ነው የጠየቅኩት።

የማንኩሳ ልጅ፦ ቀለም፣ ጥያቄህን አልሸሽም። «ያላነበበ» ያልኩት የሰማውንም ጨምሬ ነው። እንደዚያ ብዬ ላስተካክለው?

ቀለም፦ ካስተካከልከው እኮ ሌላ ነገር ሆነ! «ያልሰማ አይበል» ካልክማ የምታወድሰው ወጋየሁን ነው። ዝርዝሩ ላይ ደራሲውን ጻፍክ፣ ተራኪውን አልጻፍክም።

የማንኩሳ ልጅ፦ ሁለቱንም እጽፋለሁ። አንደኛነቱ ግን ከቦታው አይነቃነቅም።

ቀለም፦ እኔም ከኦሮማይ አልነቃነቅም።

እሙ፦ ሮማንን ማን ይመልስልኛል?