63 ፒዲኤፍ አውርጄ አንድ ገጽ ሊትሬቸር ሪቪው (የቀደሙ ጥናቶች ዳሰሳ) አልወጣልኝም

ቀይ አፈር (ጠያቂ)

ሰላም እንዴት ናችሁ? የሕዝብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ከዚያ በፊት በአንድ ጤና ጣቢያ አራት ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ። ርዕሴ ፖዶኮኒዮሲስ ነው። ሰው ዝሆኔ የሚለው፣ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ የሚውለውን ገበሬ እግሩን የሚያሳብጠው በሽታ። ርዕሱን ማንም አልሰጠኝም። አንዲት እናት ካርድ ክፍል ደጃፍ ጥግ ይዘው፣ እግራቸውን በነጠላ ሸፍነው፣ ወረፋው ሁሉ እስኪያልቅ ሲጠብቁ ካየሁ ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ችግሬ እንዲህ ነው። ላፕቶፔ ላይ 63 ፒዲኤፍ አለ። የግማሾቹ ስም ቁጥር ብቻ ነው። አንዱን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ አውርጄዋለሁ። ለሦስተኛ ጊዜ አንብቤ ስጨርስ ነው «ይሄን የት ነው ያየሁት?» ያልኩት። ጥሩ የሚመስለውን ስከፍት ደግሞ በዶላር ክፈዪ ይለኛል። ቻትጂፒቲን ጠይቄ 10 ማጣቀሻ ደረደረልኝ፤ አንድ በአንድ ስፈልጋቸው አራቱ በምድር ላይ የሉም።

እንደምንም 14 ገጽ ጽፌ ለአድቫይዘሬ ላክሁ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ተመለሰ። በቀይ አንድ መስመር ብቻ ተጽፎበታል፦ «ይህ የስም ጥሪ ነው።» ተናድጄ ነበር። በኋላ ሳየው ግን እውነቱን ነው። እያንዳንዱ አንቀጽ የሚጀምረው «እገሌና ባልደረቦቹ በዚህ ዓመት ይህን አገኙ» ብሎ ነው። አሁን ከየት ልጀምር? እንዴት እንደሚፈለግ፣ እንዴት እንደሚያዝ፣ እንዴት እንደሚጻፍ ማንም አስተምሮኝ አያውቅም። «ሊትሬቸር አንብቢ» ነው የሚሉት፣ በቃ።

የመጻሕፍት ዘበኛ

ልጄ፣ ክፈዪ ሲልሽ አትክፈዪ። ሂናሪ የሚባል፣ የጤና ጆርናሎችን በነፃ የሚያስነብብ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2002 (በፈረንጆቹ ነው) የጀመረው ነው፤ ዛሬ ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባለው ሥር ይገኛል። ኢትዮጵያ በነፃ ከሚጠቀሙት አገሮች ናት። ግን በግል አይመዘገቡበትም፤ የሚመዘገበው ተቋም ነው። የይለፍ ቃሉ ያለው ላይብረሪ ነው። ስንት ዓመት በላይብረሪ ሥራ ላይ ስኖር የሂናሪን የይለፍ ቃል የጠየቀኝን ተማሪ በጣቴ እቆጥረዋለሁ። የዋይፋዩን ግን በቀን 20 ሰው ይጠይቀኛል።

እሱ እምቢ ካለሽ አንፔይዎልን ብራውዘርሽ ላይ ጫኚ። ጽሑፉ አንድ ቦታ በሕጋዊ መንገድ በነፃ ካለ አረንጓዴ ቁልፍ ያሳይሻል። ከዚያም ካጣሽ ለጸሐፊው ኢሜይል ጻፊ። አብዛኛው ሰው ሥራውን የሚያነብለት ሲያገኝ ደስ ይለዋል፣ ይልካል። የአገር ውስጡንም አትርሺ። የኢትዮጵያ ሕክምና ጆርናል ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የሚታተም ነው፤ ብዙ ተማሪ ግን ከፍቶት አያውቅም።

የገበያ ቀን

እህቴ፣ ሦስተኛ ዲግሪዬን በዚሁ ዙሪያ ነው የሠራሁት። ያኔ ያቃጠለኝን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ፍለጋው። አንቺ በሽታውን በዛሬ ስሙ ብቻ እየፈለግሽው ይመስለኛል። ፖዶኮኒዮሲስ የሚለውን ስም ያወጣው እዚህ አገር ይሠራ የነበረው ሐኪሙ ኧርነስት ፕራይስ ነው። ከግሪክኛ ነው የወሰደው፤ እግርና አቧራ ማለት ነው። ከእሱ በፊት የተጻፈው ሁሉ በሌላ ስም ነው የተቀመጠው። ስለዚህ ፐብሜድ (የሕክምና ጽሑፎች መፈለጊያው) ላይ ፖዶኮኒዮሲስ፣ ኖን-ፊላሪያል ኤለፋንቲያሲስ (በትል ያልመጣ ዝሆኔ ማለት ነው)፣ ሞሲ ፉት፣ እነዚህን ሁሉ በ«ኦር» አያይዘሽ አንድ ቅንፍ ውስጥ አስገቢ። ቀጥሎ «ኤንድ» ብለሽ ኢትዮጵያን ጨምሪ። ሐረግ ሲሆን ጥቅስ ውስጥ ክተቺው፣ አለዚያ ቃላቱን በታትኖ ይፈልግልሻል።

እኔ የወደቅኩበት ጉድጓድ ይኸውልሽ። ኤለፋንቲያሲስ ብቻ ስትዪ በወባ ትንኝ ዓይነት ነፍሳት የሚተላለፈው፣ በትል የሚመጣው የቆላው ዝሆኔ ይግተለተላል። እኔም ብልጥ ነኝ ብዬ «ኖት ፊላሪያል» አልኩ፣ ፊላሪያል የሚል ያለበትን አስወጣልኝ ማለቴ ነው። ዝርዝሩ አጥሮ ደስ አለኝ። ሳምንት ቆይቼ ነው የነቃሁት፤ «ኖን-ፊላሪያል» ውስጥ እኮ ፊላሪያል አለ! የራሴን በሽታ ነው ጠርጌ ያወጣሁት። ሁለቱን በሽታዎች የሚያወዳድሩትም ጽሑፎች አብረው ሄደዋል። «ኖት»ን ተያት። ትርፉን በዓይንሽ አጥሪ።

የፈለግሽበትን ቀን፣ የት እንደፈለግሽ፣ የጻፍሽውን ቃል ቁልጭ አድርገሽ፣ ስንት እንደመጣልሽም ደብተር ላይ አስፍሪ። ዲፌንስ ላይ፣ ጥናትሽን ፈታኞች ፊት ስታቀርቢ፣ ይጠይቁሻል። እኔን ጠይቀውኛል፣ እና «ብዙ ፈልጌያለሁ» ነው ያልኩት። ያሳፍራል።

ሁለተኛ፣ አንድ ጥሩ ጽሑፍ ካገኘሽ ሁለት አቅጣጫ ሂጂ። ወደ ኋላ፦ የማጣቀሻ ዝርዝሩን አንብቢ። ወደ ፊት፦ ጉግል ስኮላር ላይ ከሥሩ ያለውን፣ ማን እንደጠቀሰው የሚያሳየውን ተጫኚ። የእኔ ግማሽ ንባብ የተገኘው እንዲህ ነው።

ፋይሎቹን ዞቴሮ በሚባለው የማጣቀሻ መያዣ ፕሮግራም ውስጥ ክተቻቸው። ነፃ ነው። 63ቱን ጎትተሽ ብታስገቢ የአብዛኞቹን ርዕስና ደራሲ ራሱ ያወጣዋል፣ ድግግሞሹንም ለይቶ ያሳይሻል። ኢንተርኔት ላይ በነፃ የሚሰጠው ቦታ 300 ሜጋባይት ነው፤ ለማጣቀሻው ይበቃል፣ ለፒዲኤፉ ግን ቶሎ ይሞላል። ስለዚህ በሌላ ዲስክ ቅጂ ይኑርሽ። ፍላሽ ብቻ አትመኚ። የእኔ ፍላሽ ቫይረስ በላው።

የስማችን ጣጣም አለ። ዞቴሮ መጨረሻ ላይ ያለውን ስም የቤተሰብ ስም ያደርገዋል። አበበ ከበደ የተባለ ሰው ከበደ ሆኖ ይቀመጣል። ሌላ ጆርናል ደግሞ ገልብጦ አበበ ብሎ መዝግቦታል። አንዱ ሰውዬ ሁለት ሰው ሆኖ ማጣቀሻሽ ውስጥ ይቀመጣል። አንድ ምሽት ሠውተሽ ስሞቹን አስተካክዪ።

ጫማ ሠሪው

እኔ ይሄ ሁሉ ሶፍትዌር ግርግር ነው ባይ ነኝ። 15 ጽሑፍ በደንብ ማንበብ 63 ከመሰብሰብ ይሻላል። ማውረድ ማንበብ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው።

የገበያ ቀን

@ጫማ ሠሪው ማንበቡ ላይ እስማማለሁ። ግን 15ቱን ከ63ቱ መርጦ የሚያወጣው ማነው?

@ቀይ አፈር ስለ ስም ጥሪው ረሳሁት። አድቫይዘርሽ ልክ ናቸው። ኤክሴል ክፈቺ። ለእያንዳንዱ ጽሑፍ አንድ መስመር ስጪ። ወደ ጎን፦ የት፣ መቼ፣ ስንት ሰው፣ እንዴት ቆጠሩ፣ ምን አገኙ፣ ምን ይጎድለዋል። የእኔን ዓይን የከፈተው «እንዴት ቆጠሩ» የሚለው ነው። ኦመን የተባለው ተመራማሪ በ1969 ያሳተመውንና የፕራይስን የ1970ዎቹ ሥራ አብረሽ አስቀምጪ፤ ገበያ ላይ ቆመው የሚያልፈውን ሰው እግር ነው ያዩት። በ2003 የታተመው የወላይታው ጥናት ደግሞ ቤት ለቤት ሄዶ 5.46 በመቶው ሰው በሽታው እንዳለበት አገኘ። አሁን ራስሽን ጠይቂ፦ እግሩ ክፉኛ ያበጠ ሰው ገበያ ይሄዳል? እግራቸውን በነጠላ ሸፍነው ጥግ የያዙት፣ ያየሻቸው እናት ገበያ ላይ ይቆጠሩ ነበር?

አንቀጽሽ የሚጀምረው ከዚያ ጥያቄ ነው። ስሞቹ በቅንፍ ይከተሉ።

ዓመቱንም ተጠንቀቂ። ጆርናሉ በፈረንጅ ነው፤ የዞን ጤና መምሪያ ሪፖርት 2005 ሲል ግን በእኛ ነው። ደባልቄው የሰባት ዓመት ለውጥ «አግኝቼ» አውቃለሁ።

ቀይ አፈር

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ የመጻሕፍት ዘበኛ፣ የእኛ ላይብረሪያን የሂናሪን የይለፍ ቃል ስጠይቀው መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ መሳቢያው ውስጥ ያለች ብጣሽ ወረቀት ላይ የተጻፈውን አሳየኝ። 63ቱ ድግግሞሹ ሲወጣ 41 ሆነ። ከ41ዱ 12ቱ ስለ ቆላው ዝሆኔ ናቸው፤ ሳላውቅ እየጠቀስኳቸው ነበር! ጫማ ሠሪው አትሳቅብኝ።

ትናንት ማታ አንድ አንቀጽ ብቻ እንደ አዲስ ጻፍኩ። አጀማመሩ እንዲህ ነው፦ «የቀደሙት ቆጠራዎች የተካሄዱት በገበያ ስለሆነ፣ ከቤት የማይወጡትን ታማሚዎች ያካተቱ አይመስሉም።» ለመጀመሪያ ጊዜ የራሴ የሆነ ዓረፍተ ነገር መሰለኝ። ዛሬ ልልከው ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ። የ1969ኙን ሙሉ ጽሑፍ የትም አጣሁት። ርዕሱን ብቻ ነው የማገኘው። ሳላነበው ከሌላ ሰው ላይ ወስጄ ልጥቀሰው?

የመጻሕፍት ዘበኛ

አይሆንም፤ ያላነበብሽውን እንዳነበብሽ አትጥቀሺ። ካጣሽው ያነበብሽበትን ጽሑፍ ጥቀሺና «በእገሌ እንደተጠቀሰው» በዪ። ግን ቆዪ፣ ተስፋ አትቁረጪ። እኛ ጋ ምድር ቤት የድሮ የትሮፒካል ሕክምና ጆርናሎች በጥራዝ አሉ። አቧራ ለብሰዋል እንጂ አልተጣሉም። ወርጄ አያለሁ። ሰኞ ግን ነው፤ ዛሬ መብራት የለም።