ቦሎቄው አብጧል፣ ግን አልበቀለም፤ ምኑ ላይ ተሳሳትን?

የባዮሎጂ ቡድን፦
አራት ተማሪዎች ሆነን የዘር ብቅለት ሙከራ እየሠራን ነው። 20 የቦሎቄ ዘሮች ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ለሁለት ቀን ዘፈዘፍን፤ ሁሉም አበጡ። ከዚያ ሳህን ላይ ጥጥ አንጥፈን፣ እንዳይደርቅ ብለን ውሃው ከጥጡ በላይ እስኪቆም አፈሰስንበት፤ ዘሮቹን ደርድረንም መስኮት አጠገብ አስቀመጥናቸው። በሰባተኛው ቀን ሥር ያወጡት 6 ብቻ ናቸው። የቀሩት ለስልሰዋል፣ ይሸታሉ፣ ሻጋታ የያዛቸውም አሉ። ካበጡ ሕይወት አላቸው ማለት አይደለም እንዴ? ወይስ ብርሃን አንሷቸው ነው? ሪፖርቱ የሚቀርበው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ስለ ቃላቱም ብትነግሩን ደስ ይለናል።

ሥረ ዘር፦
ማበጥ መብቀል አይደለም። የሞተ ዘርም ያብጣል። ደረቅ ዘር ውስጥ ያለው ፕሮቲንና ስታርች ውሃ ይስባል፤ ይህም ደረቅ እንጨት ውሃ ሲነካው እንደሚያብጠው ያለ ተራ አካላዊ ሂደት ነው። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ጥቂት ዘሮች 10 ደቂቃ ቀቅላችሁ ከደህናዎቹ ጋር ዘፍዝፉ፤ ሁለቱም ያብጣሉ፣ የተቀቀሉት ግን መቼም አይበቅሉም። ሕይወት የሚታየው ከማበጡ በኋላ ነው፦ ኢንዛይሞች ሥራ ይጀምራሉ፣ ክኮቹ ውስጥ የተከማቸው ምግብ ሽሉ ሊጠቀምበት ወደሚችል መልክ ይለወጣል፣ ሽሉ በኃይል ይተነፍሳል፣ በመጨረሻም ቀዳሚው ሥር ሽፋኑን ቀዶ ብቅ ይላል።

የእናንተን ዘሮች የጎዳቸው የአየር እጦት ነው። ኦክስጅን በውሃ ውስጥ የሚሰርገው በአየር ውስጥ ከሚሰርገው 10,000 ጊዜ ያህል በዘገየ ፍጥነት ነው። ስለዚህ ሁለት ቀን ውሃ ውስጥ የከረመ ዘር፣ ኦክስጅን አጥብቆ በሚፈልግበት ሰዓት ታፍኗል ማለት ነው። ሲታፈን ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጣል፤ ከዚህ የሚያገኘው ጉልበት ግን እጅግ ትንሽ ነው። የተዳከመው ዘር ደግሞ ስኳሩንና አሚኖ አሲዱን ወደ ውጭ ያፈሳል። ባክቴሪያና ሻጋታ የሚመገቡት ይህንን ነው። ሻጋታው ብዙውን ጊዜ ኋላ የመጣ እንግዳ እንጂ የመጀመሪያው ገዳይ አይደለም።

ብርሃንን በተመለከተ፣ ቦሎቄ ለመብቀል ብርሃን አያስፈልገውም። እንደ ሰላጣ ያሉ አንዳንድ ዘሮች ግን ይፈልጋሉ። ቦሎቄ ብርሃን የሚያሻው ከወጣ በኋላ ነው፤ ጨለማ ውስጥ ከቆየ ነጣ ያለ፣ ቀጭንና ረጅም ይሆናል። መስኮት አጠገብ ማስቀመጡ እንዲያውም ሌላ ችግር ያመጣል፦ ቀን ይሞቃል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል።

መዝጋቢ፦
ሥረ ዘር ባለው እስማማለሁ። ሆኖም ሪፖርታችሁ ላይ “መዘፍዘፉ ገደላቸው” ብላችሁ እንዳትደመድሙ። ረጅም መዘፍዘፍ፣ ውሃ የቆመበት ጥጥ፣ የሚለዋወጥ ሙቀት፤ ሦስቱም በአንድ ላይ ስለነበሩ የትኛው ምን ያህል እንደጎዳ መለየት አትችሉም። ድጋሚ ስትሠሩ አንዱን ብቻ ለውጡ፣ ሌላውን ሁሉ እኩል አድርጉ።

አሠራሩ ይኸውና። ጥጡን ትታችሁ ወፍራም ሶፍት ተጠቀሙ። ሁለት ንጣፍ ደራርባችሁ አርጥቡ፣ ከዚያ ጨምቁት። በጣት ስትጫኑት በጣታችሁ ዙሪያ ውሃ ካቀረረ በዝቷል ማለት ነው። 25 ዘሮች ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር አራርቃችሁ ደርድሩ፣ ሌላ እርጥብ ንጣፍ አልብሱ፣ ላላ አድርጋችሁ ጠቅልሉና ፌስታል ውስጥ አቁሙት። የፌስታሉን አፍ ጥብቅ አድርጋችሁ አትሰሩት። እንዲህ ያለ ጥቅል አራት ሥሩ፤ በድምሩ 100 ዘሮች። 25 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይመቻቸዋል። አስቀድሞ መዘፍዘፍ አያስፈልግም፤ የግድ ካላችሁ ከ8 ሰዓት አትለፉ፣ ውሃውም ቀዝቃዛ አይሁን። ደረቅ ቦሎቄ ቀዝቃዛ ውሃ በፍጥነት ሲስብ የሕዋሶቹ ክርታስ (ሕዋሱን የሸፈነው ስስ ሽፋን) ይጎዳል።

ሻጋታ ካሰጋችሁ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጣችሁ ዘሮቹን 5 ደቂቃ አቆዩ፣ ከዚያ ሦስት አራት ጊዜ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ። በረኪናውን ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ። የተሰነጠቁትን ዘሮች መልቀም አለመልቀም በዓላማችሁ ይወሰናል፦ ብቅለትን ለማሳየት ከሆነ ልቀሟቸው፤ የዘሩን ጥራት ለመመዘን ከሆነ ግን የመጣውን እንዳለ ውሰዱ፣ አለዚያ ውጤቱን ራሳችሁ አሳመራችሁት ማለት ነው።

ቆጠራው በ5ኛውና በ9ኛው ቀን ይሁን። አራቱ ጥቅሎች 22፣ 24፣ 21 እና 23 ቢሰጧችሁ ድምሩ 90 ከ100፣ ማለትም 90 በመቶ ነው። በ20 ዘር ስትሠሩ ግን አንዲት ዘር ብቻ ውጤቱን በ5 በመቶ ታዛባለች። በ9ኛው ቀን ጠንካራ ሆኖ፣ ሳያብጥ የቀረ ዘር ካለ ለብቻው መዝግቡት። ሽፋኑ ውሃ አላስገባም እንጂ ሞቷል ማለት አይደለም፤ በብርጭቆ ወረቀት ጫፉን ፋቅ ብታደርጉት ሊያብጥና ሊበቅል ይችላል።

የባዮሎጂ ቡድን፦
እናመሰግናለን፣ እንደገና እንጀምራለን። አንድ ነገር ግን ግራ ገባን፦ አፈር ውስጥ የዘራናቸው የባቄላ ዘሮች ቅጠል አውጥተዋል፣ ክካቸው ግን አልታየም። የቦሎቄው ክክ ከአፈር በላይ ነው። ባቄላው ታሞ ነው?

ቅጠል በቃል፦
ደህና ነው። ሁለቱም ባለሁለት ክክ ናቸው፤ ልዩነቱ የትኛው የግንድ ክፍል ይረዝማል የሚለው ነው። በቦሎቄ ከክኮቹ በታች ያለው ክፍል፣ ሃይፖኮቲል፣ እንደ ቀስት ጎብጦ ይረዝምና ክኮቹን ጎትቶ ያወጣል። በባቄላ ደግሞ ከክኮቹ በላይ ያለው ኤፒኮቲል ስለሚረዝም ክኮቹ እዚያው አፈር ውስጥ ይቀራሉ።

እንግሊዝኛው የሚያደናግረውም እዚህ ላይ ነው። የቦሎቄው አበቃቀል “ኤፒጂያል” ይባላል፣ የሚረዝመው ግን “ሃይፖኮቲል” ነው፤ የባቄላው “ሃይፖጂያል” ነው፣ የሚረዝመው ደግሞ “ኤፒኮቲል”። ቃላቱ ከግሪክ የመጡ ናቸው፦ “ኤፒ” በላይ፣ “ሃይፖ” በታች። በ“ጂያል” የሚያልቀው ከመሬት አንጻር፣ በ“ኮቲል” የሚያልቀው ከክክ አንጻር ነው የሚለካው። ይህን ከያዛችሁ ፈተና ላይ አይምታታባችሁም።

በማሳ ላይም ለውጥ አለው። ቦሎቄ ሁለት ክክ ተሸክሞ ስለሚወጣ ላዩ የጠጠረ አፈር አንገቱን ይሰብረዋል፤ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይበቃዋል። ከክኮቹ በታች ከተቆረጠ አያንሰራራም፣ እምቡጦቹ ሁሉ ከቁርጡ በላይ ናቸውና። ባቄላ ግን ላዩ ቢቀጠፍ አፈር ውስጥ ከቀረው እምቡጥ እንደገና ሊያቆጠቁጥ ይችላል።

ለሪፖርታችሁ “ጀርሚኔት” እና “ግሮው” የሚሉትን አታቀያይሩ። የመጀመሪያው ዘሩ መጎንቆሉን፣ ሁለተኛው ከዚያ በኋላ ማደጉን ይናገራል። “ሲድ” ዘሩ፣ “ሲድሊንግ” የበቀለው ቡቃያ ነው፤ ስለዚህ ቁመት የሚለካው የ“ሲድሊንግ” ነው። የአሠራሩን ክፍል በኃላፊ ጊዜና በተደራጊ ግሥ ጻፉ፦ “ዘ ሲድስ ወር ሶክድ ፎር ኤይት አወርስ”። “ጀርሚኔት” ላይ ግን “ወር” አትጨምሩ፤ ማድረጉን የፈጸመው ዘሩ ራሱ ስለሆነ “ናይንቲ ሲድስ ጀርሚኔትድ” በቂ ነው።