የፈሳሽ ማግኒዥየምና ቢስሙዝ ቅይጥ ስሌት
ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ይህን ቅይጥ በሬጉላር ሶሉሽን ሞዴል (አቶሞቹ በዘፈቀደ ይቀላቀላሉ ብሎ በሚነሳው ቀላል ሞዴል) ሳሰላ የመቀላቀል ኢንታልፒው (ብረቶቹ ሲቀላቀሉ የሚለቀቀው ወይም የሚወሰደው ሙቀት) ዝቅተኛ ነጥብ እኩል ድርሻ ላይ ይወድቃል፤ በሙከራ የተለካው ግን ማግኒዥየም 60 በመቶ ገደማ ሲሆን ነው። ምን ላስተካክል?

መልስ፦ ስሌትዎ ልክ ነው፤ ያልበቃው ሞዴሉ ነው። በሞዴሉ ውስጥ የመስተጋብር ኢነርጂው (የተለያዩት አቶሞች የሚሳሳቡበት ወይም የሚገፋፉበት መጠን) አንድ ቋሚ ቁጥር ብቻ በመሆኑ ኩርባው ከግራና ከቀኝ እኩል ይሆናል። ሦስት የማግኒዥየምና ሁለት የቢስሙዝ አቶሞች በፈሳሹም ውስጥ የመሰባሰብ ጠንካራ ዝንባሌ ስላላቸው፣ ስብስቡን ከነጻ አቶሞቹ ጋር እንደ ሦስተኛ ዝርያ የሚቆጥር ሞዴል ይጠቀሙ።

ሌላ መልስ፦ የሬድሊክና ኪስተር ፖሊኖሚያልም (ኩርባውን በተደማሪ ተርሞች የሚገልጽ ቀመር) ይሠራል፤ ሆኖም ለእንዲህ ያለ ሹል ኩርባ ብዙ ተርም ስለሚፈልግ አልመርጠውም። ባቲያና ቶርንተን በ1970 ያቀረቡትን የኮንሰንትሬሽን መዋዠቅ መለኪያም (የአቶሞቹ ድርሻ ከቦታ ቦታ ምን ያህል እንደሚለዋወጥ የሚያሳየውን) ያስሉ። በ60 በመቶ ማግኒዥየም ላይ የአይዲያል ቅይጥ (አቶሞቹ ያለ ምርጫ የሚቀላቀሉበት) ዋጋ 0.24 ነው፤ ውጤትዎ ከዚያ በእጅጉ ካነሰ የተለያዩት አቶሞች እየተጣመሩ ነው።