ቋንቋው ነው አፈሩ? የሊቱዌኒያ ታላላቆች የማን ናቸው?

አወያይ፦
ባለፈው ሳምንት «የካውናሷ» የሊቱዌኒያን ታላላቅ የጥበብና የሳይንስ ሰዎች ዝርዝር ለጥፋልን ነበር። ከላይ የገጣሚው የቸስዋፍ ሚዎሽ ስም አለ። «የቀበናው» ወዲያው «እሱ ፖላንዳዊ ነው፣ ይውጣ» አለ። ሚዎሽ በ1911 የተወለደው ሊቱዌኒያ ውስጥ ሸተኔይ በምትባል መንደር ነው። የጻፈው በፖላንድኛ ነው። በ1980 የሥነ ጽሑፍ ኖቤል ተሸለመ። ሁለቱም አገሮች «የእኛ ነው» ይላሉ። እንግዲህ ሰውን የአንድ አገር ሰው የሚያደርገው ምንድን ነው? እንዳንደናገር ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እንጻፍ።

የቀበናው፦
አቋሜ ግልጽ ነው። የገጣሚ አገሩ ቋንቋው ነው። አዳም ሚትስክዬቪችን ተመልከቱ። በ1834 ያሳተመው ታላቁ ግጥሙ «ሊቱዌኒያ፣ አገሬ ሆይ!» ብሎ ይጀምራል። ዛሬ የሊቱዌኒያ ዋና ከተማ በሆነችው ቪልኒየስ ዩኒቨርሲቲም ተምሯል። ግን ያቺ ስንኝ ራሷ የተጻፈችው በፖላንድኛ ነው! የትውልድ ስፍራው ደግሞ ዛሬ ቤላሩስ ውስጥ ነው። በአፈር እንለካ ካልን ሦስት አገር ሊካፈለው ነው። ግጥም እንደ መሬት በገመድ አይከፈልም።

የካውናሷ፦
ወንድሜ፣ በዚህ ሚዛን ከሄድን የሊቱዌኒያን ትልቁን ሠዓሊ ልታስወጣው ነው። እነ ቹርልዮኒስ ቤት የሚነገረው ፖላንድኛ ነበር። ደብዳቤውንም በፖላንድኛ ነበር የሚጽፈው። ሊቱዌንኛን በደንብ ያስተማረችው ኋላ ያገባት ጸሐፊዋ ሶፊያ ኪማንታይቴ ናት። ያኔ ሠላሳ ዓመት አልፎታል።

እዚህ የሊቱዌኒያ ከተማ ካውናስ ውስጥ በስሙ የተሰየመ ሙዚየም አለ። መጀመሪያ የገባሁ ቀን ትልልቅ ሸራ ነበር የጠበቅኩት። ሥዕሎቹ ትንንሽ ናቸው፤ ብዙዎቹ ወረቀት ላይ የተሠሩ። ቀለማቸው እንዳይለቅ ብለው መብራቱን ቀንሰውታል። ጠጋ ብለህ ነው የምታየው። «የባሕር ሶናታ» የሚባል ባለ ሦስት ክፍል ሥራ አለው፤ በ1908 የሠራው። ሙዚቃም ይደርስ ስለነበር ክፍሎቹን እንደ ሙዚቃ ድርሰት ክፍሎች አሌግሮ፣ አንዳንቴ፣ ፊናሌ ብሏቸዋል። ፊናሌው ላይ ግዙፍ ማዕበል ትንንሽ ጀልባዎች ላይ ሊወርድባቸው ተነሥቷል። አረፋውን ልብ ብለህ ስታየው የስሙን መነሻ ፊደላት ታገኛለህ። ማዕበሉ ውስጥ ፈርሟል! ያን ሳገኝ በየትኛው ቋንቋ ያወራ እንደነበር ጭራሽ ትዝ አላለኝም።

የቀበናው፦
እህቴ፣ ሥዕል አስተርጓሚ አይፈልግም። ለዚህ ነው «ገጣሚ» ያልኩት። ደግሞ ቹርልዮኒስ ራሱ መርጧል። በ1906 ለወንድሙ በጻፈው ደብዳቤ ያለፈውንም የሚመጣውንም ሥራውን ሁሉ ለሊቱዌኒያ እንደሚሰጥ ነግሮታል። ቋንቋውንም እየተማረ ነበር። እሱ ላይ ጥያቄ የለኝም።

ጋሽ ንባቡ፦
ልጆቼ፣ «መርጧል» የምትለዋ ቃል መጣች። እኔም የምጠብቀው እሷን ነበር። የናሩቶቪች ወንድማማቾችን ላስታውሳችሁ። ታላቅየው ስታኒስሎቫስ ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1918 የሊቱዌኒያን የነጻነት አዋጅ ከፈረሙት 20 ሰዎች አንዱ ነው። ታናሽየው ገብርኤል የውሃ ኃይል መሐንዲስ ነበር፤ ዙሪክ ፕሮፌሰር ሆኖ አስተምሯል። በ1922 የፖላንድ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ። ሥልጣን በያዘ በአምስት ቀኑ ዋርሶ ውስጥ የሥዕል ትርኢት ሲከፍት በጥይት ገደሉት። ያኔ ሁለቱ አገሮች ቪልኒየስ የማን ናት በሚል ዓይንና ናጫ ነበሩ። የአንድ እናት ልጆች፣ ሁለት አገር። በደምም በአፈርም ልትለያቸው አትችልም።

ሚዎሽም ራሱን የድሮዋ የታላቋ ሊቱዌኒያ ልጅ አድርጎ ነበር የሚያየው። እሷ ደግሞ ብዙ ቋንቋ የሚነገርባት ነበረች። በ1992 ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ሸተኔይን ሊያይ ተመለሰ። የተወለደበት ቤት የለም። የተረፈው ጎተራው ነው። ለባዳ አገር እንዲህ አይናፈቅም፣ ልጄ።

የፊዚክስ መምህሯ፦
ሳይንሱን ረሳችሁት። ቦታንና ጊዜን አንድ ላይ የሰፋው የሒሳብ ሊቅ ኸርማን ሚንኮቭስኪ ካውናስ አጠገብ አሌክሶታስ ተወለደ፤ 1864። አገሩ ያኔ በሩሲያ ዛር ሥር ነበር። በስምንት ዓመቱ ቤተሰቡ ያኔ የጀርመን ከተማ ወደነበረችው ኬኒግስበርግ ሄደ። አሮን ክሉግ ደግሞ በ1926 ዤልቫ ተወልዶ በሁለት ዓመቱ ደቡብ አፍሪካ ገባ። በ1982 የኬሚስትሪ ኖቤል አገኘ። እስቲ ለሁለት ዓመት ሕፃን ሊቱዌኒያ ምን ኬሚስትሪ አስተማረችው? ተማሪዎቼ እንዲህ ያለ ስም ሲሸመድዱ ያናድደኛል። ያስተማረው ትምህርት ቤት፣ ያበላው ከተማ ተረስቶ የተወለደባት መንደር ትመሰገናለች።

ከሐይፋ፦
እኔ የሚከብደኝ ሌላ ነው። ፈላስፋው ኤማኑዌል ሌቪናስም ዝርዝሩ ውስጥ አለ። በ1906 ካውናስ ተወለደ። አባቱ እዚያው የመጻሕፍት መደብር ነበራቸው። በ1923 ለትምህርት ወደ ስትራስቡርግ ሄደ፤ የጻፈው በፈረንሳይኛ ነው። አባቱን፣ እናቱንና ወንድሞቹን ናዚዎች እዚያው ሊቱዌኒያ ውስጥ ጨረሷቸው። የአገሩ ሰዎችም አግዘዋቸዋል። ከአገሪቱ አይሁዶች ከ90 በመቶ በላይ አለቁ። ልጁን «የእኛ ፈላስፋ» ለማለት አፍ የሚከፈት ከሆነ፣ መጀመሪያ «እነዚያም የእኛ ነበሩ» ይባል። ያ ሳይባል ሌቪናስ ብቻውን ተነጥቆ ለክብር ሲቆም አንጀቴን ይበላኛል።

የቀበናው፦
ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ጋሼ፣ ሚዎሽ ይውጣ ያልኩትን አንሥቻለሁ፤ ራሱ የእሷ ነኝ ካለ እኔ ማን ነኝ? በክሉግ ግን አልመለስም። ይውጣ።

የካውናሷ፦
ክሉግ ይውጣ፤ ተቀብያለሁ። ሚንኮቭስኪ ላይ መምህሯን ገና እሞግታለሁ። ሌቪናስን አላወጣም። ዛሬ ማታ ግን ከስሙ ሥር የአባቱን መደብርና የቤተሰቡን አሟሟት እጽፋለሁ። ሚዎሽ ጋ ደግሞ «ሸተኔይ ተወለደ፣ በፖላንድኛ ጻፈ፣ ክራኮቭ ተቀበረ» ብዬ ሦስቱንም አሰፍራለሁ።