ኢንሱሊን ከድሬዳዋ ጅዳ ድረስ እንዴት ይያዛል?

ጥያቄ (የጁገል ልጅ)፦ እናቴ በሚቀጥለው ሳምንት ከሐረር ተነስታ በድሬዳዋና በአዲስ አበባ በኩል ለዑምራ ጅዳ ትሄዳለች፤ 30 ቀን ትቆያለች። ደፍራሹን ኢንሱሊን ጠዋት 24፣ ማታ 12 ዩኒት ትወጋለች። ለጉልበቷ ሕመም ደግሞ ትራማዶል የሚባል ማስታገሻ ትውጣለች። ኢንሱሊኑን ሻንጣ ውስጥ ላስገባው ወይስ በእጇ ትያዘው? ስንት ብልቃጥስ ይበቃታል?

መልስ (ፋርማሲስት)፦ በእጃቸው ይያዙት። ለጭነት በሚሰጠው ሻንጣ በፍጹም እንዳታስገባው። ሻንጣው ቢዘገይ መድኃኒቱም አብሮ ይቀራል፤ ከዚያ የባሰው ግን በአውሮፕላኑ የጭነት ክፍል ውስጥ ብርዱ ሊበረታ መቻሉ ነው። አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን መልሶ ቢቀልጥም አይታመንም። ከመወጋታቸው በፊት ብልቃጡን በሁለት መዳፋቸው መሃል 10 ጊዜ ያህል ቀስ አድርገው ያንከባልሉት፤ እንደ ወተት አንድ ወጥ ካልሆነ፣ ወይም ነጭ ቅንጣት እንደ ውርጭ መስታወቱ ላይ ከተለጠፈ ይጣል።

ሒሳቡ፦ በቀን 36፣ በ30 ቀን 1,080 ዩኒት። ባለ 10 ሚሊ ሊትሩ ብልቃጥ 1,000 ዩኒት ይይዛል። ስለዚህ 2 የግድ ነው፤ 3ኛው መጠባበቂያ ይሁን። ሲሪንጅ ከ60 በላይ ያዙ።

መልስ (የድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ልጅ)፦ አቦ፣ ሙቀቱን አትርሱ! ሐረር ቀዝቃዛ ነው፤ ደንገጎን ወርዳችሁ ድሬ ስትገቡ ግን በፀሐይ የቆመ መኪና ውስጥ የተተወ ኢንሱሊን ይበላሻል። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ፣ የተከፈተው ከ30 ዲግሪ በታች ሆኖ 4 ሳምንት ያህል ይቆያል። ለማቀዝቀዣ የምትይዙትን የበረዶ ጄል በፎጣ ጠቅልሉት፤ ብልቃጡን ከነካው ኢንሱሊኑን ራሱ በረዶ ያደርገዋል።

መልስ (የበረራ መንገደኛ)፦ ፍተሻ ላይ ሳይጠየቁ አውጥተው ያሳዩ። በእጅ በሚያዝ ፈሳሽ ላይ ያለው የ100 ሚሊ ሊትር ገደብ ለታዘዘ መድኃኒት አይሠራም፤ ማስረጃው ግን አብሮ ይኑር። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ የመድኃኒቱን ሳይንሳዊ ስም፣ መጠኑንና መርፌ እንደሚያስፈልጋቸው ይጻፍ፤ ማኅተም ይኑረው። ስማቸው በፓስፖርቱ ላይ ካለው በአንድ ፊደል እንኳ እንዳይለይ። ብልቃጦቹን ከካርቶናቸው አታውጡ።

መልስ (ፋርማሲስት)፦ ትራማዶሉ ያሳስበኛል። ሳዑዲ ውስጥ ጥብቅ ቁጥጥር ያለበት መድኃኒት ነው፤ ያለ ቅድሚያ ፈቃድ ይዘውት እንዳይሄዱ። ከጉዞው በፊት ሐኪማቸው በሌላ ይቀይርላቸው፤ በድንገት ግን አያቁሙት።

ጥያቄ (የጁገል ልጅ)፦ የመውጊያ ሰዓቷስ ይቀየራል?

መልስ (ፋርማሲስት)፦ አይቀየርም፤ ጅዳና እኛ ሰዓታችን እኩል ነው። የእኛ ጠዋት 1 ሰዓት እዚያ 7 እንደሚባል ብቻ አስረዳቸው። አውሮፕላን ውስጥ ምግቡ ፊታቸው ሳይቀርብ አይወጉ፤ ስኳራቸው ቢወርድ ደግሞ ጁስ ፍተሻ ላይ ሊከለከል ስለሚችል ከረሜላ ኪሳቸው ውስጥ ይኑር።